ከእኅቴ ጋራ በቡርጎኝ የወይን ቦታዎች መካከል

አገር ለማየት ወደ ፈረንሳይ የሚሄዱ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ ፓሪስን አይተው፥ የኤፌልን ግንብ ወጥተው፥ ለዘመድ ለወዳጅ የሚሆን ሽቶና ልብስ ገዝተው ይመለሳሉ። ከዲዦን ከተማ በስተ ደቡብ፥ በቡርጎኝ አውራጃ፥ በወይን ቦታዎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚሄደውን ጸጥ ያለ የብስክሌት መንገድ የሚያውቅ ከመካከላቸው ጥቂት ነው። እኔም ሳላየው በቀረኹ ነበር። ወደዚያ የወሰደኝ አገር የማየት ፍላጎት አይደለም፤ የቤተ ሰብ ጠብ ነው። መንገዱንና ጠቡን ሳልለይ የምጽፈውም አንዱ ያለ ሌላው ስለማይነገርልኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እናታችን በ2010 ዓመተ ምሕረት ባረፉ ጊዜ በጉለሌ ያለውን ቤታቸውን ከነግቢው ለእኔና ለታላቅ እኅቴ ትተውልን ሄዱ። እኅቴ ከሠላሳ ዓመት በላይ በዲዦን የምትኖር ናት። ለእናታችን ቀብር አልመጣችም፤ እኔም ይህን በልቤ ያዝኹባት። ዓመት ሳይሞላ «ቤቱ ይሸጥና ዋጋው እኩል ይከፈል» አልኋት፤ እርስዋም «የእናቴ ደጅ አይሸጥም» አለችኝ። ሽማግሌዎች ገቡበት፤ እርስዋ በስልክ፥ እኔ በወንበር ላይ ሆኜ ሦስት ጊዜ ተሸማገልን፤ ሽማግሌዎቹ ግን ቡናቸውን ጠጥተው ነገሩን እንዳለ ትተው ተነሡ። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና በጠበቃ እጅ ደብዳቤ ጻፍኹላት። ደብዳቤው በቁጥርና በቀን የተጻፈ፥ ስምዋን ከነአባትዋ የሚጠራ፥ በዚህን ያኽል ቀን ውስጥ መልስ ካልሰጠሽ ወደ ፍርድ ቤት እሄዳለኹ የሚል ነበረ። ታናሽ ወንድም ለታላቅ እኅቱ እንዲህ ያለ ወረቀት መላኩ ነውር መሆኑን የተረዳኹት ከላክኹት በኋላ ነው። ክሱም ተከፈተ፤ በየቀጠሮውም እየተላለፈ ቈየ። ከዚያም ወዲያ አራት ዓመት ሙሉ ድምፅዋን አልሰማኹም።

በ2015 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር የእኅቴ ልጅ መልእክት ላከችልኝ። «አጎቴ ሆይ፥ እማማን ጉልበትዋን ስለሚያማት ሐኪሙ ብዙ ከምትራመድ ብስክሌት ብትነዳ ይሻላል ብሏታል። በሰኔ ከቦን እስከ ማኮን በአራት ቀን ልትሄድ አስባለች። ብቻዋን መሄድዋን እፈራለኹ፤ እኔም ከሥራዬ ፈቃድ አላገኘኹም» የሚል ነበር። ነገሩ በብልኃት የተጠነሰሰ መሆኑ አልጠፋኝም፤ የፈረንሳይ ሠራተኛ በየዓመቱ አምስት ሳምንት ዕረፍት በሕግ እንደሚሰጠው እኔም አውቃለኹና። ነገር ግን የልጅቱን ተንኮል ወደድኹላት፤ ሄድኹም።

ብስክሌት መንዳት የተማርኹት በልጅነቴ በጃን ሜዳ ነው። በዚያን ጊዜ በሰዓት እየከፈልን እንከራይ ነበር። ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች ያስተማረችኝ ይህችው እኅቴ ናት፤ እርስዋ ግን ሴት ልጅ በብስክሌት ላይ መቀመጥ አይገባትም ስለ ተባለች አንድ ቀን እንኳ አልወጣችበትም። እርስዋ ራስዋ መንዳት የጀመረችው ዕድሜዋ ከአርባ ዓመት ካለፈ በኋላ በባዕድ አገር ነው። በዲዦን ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ እንደ ወጉ ተሳሳምን፤ ስለ ጤንነትም ተጠያየቅን። እርስዋም በስሜ ጠራችኝ። ይህን ሌላ ሰው ልብ አይለውም ይሆናል፤ እኔ ግን ከተወለድኹ ጀምሮ በእኅቴ አፍ «ወንድም ዓለም» እንጂ ሌላ ስም አልነበረኝም።

ጉዞአችንን የጀመርነው ከቦን ነው። ከዚህ በታች ስለ ፈረንሳይ ነገር የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። በዚህች ከተማ የቡርጎኝ መስፍን የመልካሙ ፊልጶስ ጸሐፌ ትእዛዝ የነበረው ኒኮላ ሮለን ከሚስቱ ከጊጎን ደ ሳለን ጋራ በ1443 ዓመት ለድኾች ያቋቋመው ሆስፒታል አለ፤ ጣራው ልዩ ልዩ ቀለም ባለው በሚያብለጨልጭ ሸክላ የተከደነ ነው። እስከ 1971 ዓመት ድረስ በሽተኛ ይተኛበት ነበር። በየዘመኑ ደጋግ ሰዎች የወይን ቦታ ሰጥተውታልና ዛሬ 60 ሄክታር ያኽል የወይን መሬት አለው፤ ወይን ጠጁም ከ1859 ዓመት ጀምሮ በኅዳር ወር በጨረታ እየተሸጠ ለሕሙማን መርጃ ይውላል። ባለጠጋው ጸሐፌ ትእዛዝ ለነፍሱ ያደረገው ነገር ስድስት መቶ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። እኅቴ ብዙ ዘመን በሆስፒታል የሠራች ስለ ሆነች፥ በአዳራሹ ግራና ቀኝ የተደረደሩትን ቀይ መጋረጃ ያላቸውን አልጋዎች እያየች ብዙ ቆመች፤ እኔ ግን ብስክሌቶቻችንን በውጭ እጠብቅ ነበር።

ከቦን ወደ ሳንትኔ የሚያደርሰው መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያኽል ነው። በፖማር፥ በቮልኔ፥ በመርሶ፥ በፑሊኚና በሻሳኝ መንደሮች ያልፋል። ትልቁ የመኪና መንገድ በስተ ግራ በሜዳው ሲሄድ፥ ይህኛው በረድፎቹ መካከል ወይን ተካዮች ለሥራ በሚመላለሱበት ጠባብ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ብስክሌተኛው በዚያ እንግዳ ነው፤ ትራክተር ሲመጣ ወርዶ ዳር ይቆማል። ትራክተሩም የሚያስደንቅ ነው፤ እግሮቹ ረጃጅሞች ስለ ሆኑ የወይኑን ረድፍ በሁለት እግሩ መካከል አድርጎ ከላይ ይሻገረዋል፤ ሲያዩት በሬ አጥር ላይ ቆሞ የሚሄድ ይመስላል። መድኃኒት የሚረጭ ከሆነ እስኪያልፍ ድረስ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መቆየት ይገባል። ይህን እኅቴ አስቀድማ ነግራኝ ነበር፤ እኔም ሳልሰማት ቀርቼ በመጀመሪያው ሰዓት ፊቴንና ኮቴን አርሼ ወጣኹ።

በስተ ቀኝ ኮረብታው ነው። የመሬቱ ዋጋ በከፍታው አይደለም፤ ከራስጌው አፈሩ ስስ ነው፥ ከግርጌው ውሃ ይተኛበታል፤ ምርጡ በወገቡ ላይ ያለው ነው። ሞንራሼ የሚባለው ስመ ጥሩ ቦታ 8 ሄክታር ያኽል ብቻ ነው፤ ይኸውም ከቀድሞው ጋሻ መሬት አንድ አምስተኛ ቢሆን ነው። ከመንገዱ ሆኖ ሲያዩት ግን ከጎረቤቱ የሚለይበት ነገር የለውም፤ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብና በሩ ላይ የተጻፈ ስም ብቻ ነው። በዚያ አገር ለእያንዳንዱ ቁራሽ መሬት የራሱ ስም አለው። ከዲዦን በስተ ደቡብ ባለው ኮረብታ ላይ እንዲህ ያለ ስም ያለው 1247 ቁራሽ ተቈጥሮ በ2015 ዓመት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፏል። ወራቱ የወይን አበባ የሚፈነዳበት ነበር፤ አበባው ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ አረንጓዴ ነገር ነው፤ ሽታው ግን ቀስ ብሎ ይመጣል፤ ቆሞ ለሚያሸተው አይገኝም፥ በዝግታ ለሚያልፈው ብቻ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል እኅቴ ትቀድማለች፥ እኔ እከተላለኹ፤ ከመንደር ስም በቀር የምንነጋገረው አልነበረም።

መሬቱ እንዴት እንዲህ ሊቈራረጥ እንደ ቻለ ጠየቅኋት። አስቀድሞ ብዙው የገዳማትና የመሳፍንት ነበር፤ አብዮቱ ወርሶ ሸጠው። ከዚያም በ1804 ዓመት የወጣው የናፖሌዎን ሕግ ውርስ ለልጆች ሁሉ እኩል ይድረስ ስላለ፥ አባት በሞተ ቍጥር ረድፉ ይከፈላል። ከቦን በስተ ሰሜን ያለው፥ የሲቶ መነኮሳት በግንብ ያጠሩት የቩዦ የወይን ቦታ 50 ሄክታር ያኽል ሲሆን ዛሬ ባለቤቶቹ ወደ 80 ይጠጋሉ። ይህን ስሰማ የራሳችን ርስት ትዝ አለኝ። እርሱም ለወንዱም ለሴቱም ልጅ የሚደርስ ነበረና፥ በእኛ አቆጣጠር በ1967 ዓመተ ምሕረት የመሬት ዐዋጅ እስኪወጣ ድረስ ስንት ወንድምና እኅት በዳኛ ፊት አቁሟል! ናቡቴ የተገደለው በወይን ቦታ ምክንያት መሆኑም በዚያው ታወሰኝ፤ ነገር ግን በእኔና በእኅቴ ነገር ውስጥ አክዓብ ማን እንደ ሆነ መመርመሩን ለጊዜው ተውኹት።

ከቮልኔ ወደ መርሶ ስንወርድ የኋላ ጎማዬ ተነፈሰ። የወጋው የወይን ሐረግ የሚወጠርበት የሽቦ ቁራጭ ነው። ጎማ መለጠፍ እኅቴ ታውቃለች፤ እኔ ብስክሌቱን ገልብጬ ከመያዝ በቀር አልረዳኋትም። በዚህ ሳለን በአቅራቢያው የድንጋይ ካብ ሲጠግን የነበረ አንድ ሽማግሌ በባልዲ ውሃ ይዞልን መጣ። የውስጡን ጎማ በውሃው ነክረን ቀዳዳውን በአረፋው አገኘነው። ሙጫው እስኪደርቅ ድረስ ከሽማግሌው ጋራ ተጨዋወትን፤ አስተርጓሚዋ እኅቴ ነበረች።

«እነዚህ ስምንቱ ረድፎች የእኔ ናቸው» አለ፤ «ከእነርሱ ቀጥለው ያሉት ስድስቱ የእኅቴ ናቸው።» ድንበሩ ወዴት ነው ብዬ ባስጠይቀው፥ በሣር ውስጥ የተቀበረች ከጡብ የማትበልጥ ድንጋይ በጫማው ጫፍ ነካ አድርጎ አሳየኝ። «አጥር ለምን የለውም?» አልኹት። «አጥር ቢኖርማ ትራክተሩ በየት ይዞራል?» ብሎ እንደ ሕፃን አየኝ። እኅቱ በሊዮን ከተማ የምትኖር ናት፤ ረድፍዋን የሚሠራላት እርሱ ነው፤ በመከር ጊዜ ሲሶውን ትወስዳለች። ይህ የሲሶ ሥርዓት በዚያ አገር እስከ ዛሬ ያለ ነው፤ አንዳንዱም እኩሌታ ይቀበላል። በፈረንሳይኛ የሚጠሩበትን ቃል እኅቴ ስትነግረኝ እኔም የእኛን «ሲሶ» እና «እርቦ» የሚባለውን ነገርኹት፤ ሁለት ጊዜ ደግሞ ካለው በኋላ እጅግ ደስ አለው።

ከእኅቱ ጋራ ግን ሃያ ዓመት በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም ነበር። የተጣሉት በክፍፍሉ ጊዜ ነው፤ ከስድስቱ ረድፎች በኋላ ሰባተኛው ለማን ይሁን በሚል ነው። ከዚያም በ2021 ዓመት በአፕሪል ወር መጀመሪያ ወይኑ ካቈጠቈጠ በኋላ ብርቱ ውርጭ ወረደ። በዚያ አገር ውርጭ ሲፈራ በየረድፉ መካከል በቆርቆሮ የተሞላ ትልልቅ ሰም አኑረው ሌሊቱን ያበራሉ፤ ሙቀቱ ጥቂት ዲግሪ ቢያነሣው ቡቃያው ይተርፋል። «ሳልጠራት በሌሊት መኪናዋን ነድታ መጣች» አለን። «ሦስት ሌሊት እስኪነጋ ድረስ አብረን አበራን፤ የእኔን ረድፍና የእርስዋን አልለየችም።» «ወይኑስ ተረፈ?» አልኹት። «ብዙው ሞተ» አለ። «እናንተስ ታረቃችሁ?» ብዬ ጠየቅኹት። ሽማግሌው ጥቂት ቃል ተናገረ፤ እኅቴ ግን ወዲያው አልተረጐመችልኝም። ጎማውን መልሳ ገጥማ፥ በመንፊያው ነፍታ፥ ሽማግሌውንም አመስግነን ጥቂት ከሄድን በኋላ ነው፥ ወደ ኋላ ሳትዞር «አልታረቅንም፤ ነገር ግን በመከር ጊዜ ምሳ ከእኛ ጋራ ትበላለች ነው ያለህ» ያለችኝ።

አንባቢዎች በወይን አገር አልፎ ወይኑን ሳያነሣ ቀረ እንዳይሉኝ፥ በሻሳኝ አንድ ምድር ቤት ገብተን እንደ ነበር እመሰክራለኹ። ጊዜው ጾመ ሐዋርያት ነበረና እኅቴ አይብም ወይንም ከአፍዋ አልገባም፤ እኔ ግን ለመንገደኛ ይፈቀዳል ብዬ ለራሴ ፈረድኹ። በዚያ ልማድ ሊገዛ የመጣ ሰው ወይኑን በአፉ አንከባሎ በባልዲ ይተፋዋል። የሰው ጠጅ በባለቤቱ ፊት መትፋት ለእኛ ለሐበሾች እጅግ የሚከብድ ነገር ስለ ሆነ፥ እኔ ዋጥኹት። የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ለመኪና ነጂ የወሰነውን የመጠጥ ልክ በብስክሌተኛም ላይ ያጸናዋል። በፈረንሳይ በብስክሌት አገር የመጐብኘት አባት የሚባለው፥ በ1930 ዓመት የሞተው የሰንት ኤትየኑ ፖል ደ ቪቪ፥ ቬሎሲዮ በተባለ የብዕር ስሙ የታወቀው፥ ለመንገደኞች በሰጠው ምክር በጉዞ ላይ ወይን እንዳይጠጡ ይከለክላል፤ ከመጠማት በፊት ውሃ መጠጣት፥ ከመራብም በፊት መብላት እንደሚገባም ያስተምራል። ወይን ከሚፈላበት አገር እንዲህ ያለ መምህር መነሣቱ ያስቃል። እኅቴ ምክሩን በሙሉ ትጠብቃለች፤ በየአሥር ኪሎ ሜትሩም ቆማ የውሃ ጠርሙሱን ትሰጠኛለች፤ እኔ ጠጥቼ እስክመልስላት ፊቴን አታይም ነበር።

በሁለተኛው ቀን ዝናብ ስለ ዘነበብን የማወራው ብዙ አይደለም። ከሳንትኔ በሻኚ አልፈን እስከ ሻሎን ድረስ የሄድነው በመካከለኛው ቦይ ዳር ነው፤ ይህ ቦይ የሶንን ወንዝ ከሉዋር ጋራ የሚያገናኝ ሲሆን በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የተቈፈረ ነው። ከሻሎን ወደ ዢቭሪ ደርሰን፥ ርሰንና ዝም ብለን በቡሲ አደርን።

ስለ መንገዱ ካስተዋልኹት አንዱን እነሆ። በዚያ አገር ጸጥ ያለው የብስክሌት መንገድ ሁሉ ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። የወይኑ ቦታ መንገድ ለትራክተር፥ የቦዩ ዳር ታንኳ ለሚጐትቱ ሰዎችና ፈረሶች፥ ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ 44 ኪሎ ሜትር የሚሄደው ደግሞ ለባቡር ነበር። ባቡሩ ሥራውን ከተወ በኋላ ሐዲዱ ተነሥቶ በ1997 ዓመት ለእግረኛና ለብስክሌት ተከፈተ፤ በፈረንሳይ እንዲህ ላለው መንገድ የመጀመሪያው ነው። የባቡር መሐንዲስ ብርቱ ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ሽቅብ ሲወጣ እንኳ አይታወቅም፤ ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ከዚህ የተሻለ አላየኹም። የቀድሞዎቹ ጣቢያዎች ሰዓታቸውና ስማቸው እንዳለ ቆመዋል። ስፋቱም ሁለት ሰው ጐን ለጐን ያስኬዳል። በሦስተኛው ቀን ሰማዩ ስለ ጠራ፥ ከሳን ዣንጉ ካለፍን በኋላ ከጐንዋ ደረስኹ።

ነገሩን የጀመረችው እርስዋ ናት። ፊትዋን ወደ መንገዱ እንዳደረገች «እኔ እኮ አልቀበርኋትም» አለች። ነፋስ ነበረና ቃሉን አልሰማኹትም፤ «ምን አልሽ እትዬ?» አልኋት። ደግማ ጮኻ መናገር ግድ ሆነባት። «እምዬን አልቀበርኋትም አልኹህ! እናንተ ቀብራችሁ፥ ሠልስት አውጥታችሁ፥ አርባዋን አወጣችሁ። እኔ ጉልበቴን ተቀድጄ በሆስፒታል አልጋ ላይ ነበርኹ። እንዳትጨነቁ ብዬ ከልጄ በቀር ለማንም አላስነገርኹም። አገሬ ስገባ በዚያ ግቢ ተቀምጬ ላለቅስ አስቤ ነበር። አንተ ቤቱ ይሸጥ አልኸኝ። ታዲያ ለቅሶዬን የት ልቀመጥ? በሆቴል?»

እኔ በእነዚያ አራት ዓመታት የእኅቴን እንቢታ በብዙ መንገድ ተርጕሜው ነበር። ባሕር ማዶ ተቀምጣ የእኛን ችግር አታውቅም ብያለኹ፤ ቤቱ ሲወደድ ብቻዋን ልትጠቀምበት ነው ብያለኹ፤ ይህንንም ለሽማግሌዎች አስረድቻለኹ፥ ለጠበቃውም ከፍዬ አስጽፌዋለኹ። ለቅሶ የምትቀመጥበት ቦታ ፈልጋ ይሆናል ብዬ ግን አንድ ቀን አላሰብኹም። የምመልሰው ቃል ስላጣኹ ዝም ብዬ ፔዳሌን መታኹ። እርስዋም መልስ የጠበቀች አልመሰለኝም። ኮርማታን ስንደርስ ከዛፍ ጥላ በታች ዳቦና ቲማቲም በላን፤ ጉልበትዋን በእጅዋ ስታሸው የቀዶ ጥገናውን ጠባሳ ያን ጊዜ አየኹት፤ አንድ ስንዝር ይሆናል።

ያን ሌሊት በክሉኒ አደርን። ይህ ቦታ በ910 ዓመት የተመሠረተ፥ በአውሮፓ ላሉ አያሌ ገዳማት የበላይ የነበረ ገዳም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም በሮማ የአሁኑ የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ድረስ በምዕራብ ክርስቲያኖች ዘንድ በትልቅነቱ አቻ አልነበረውም። ከአብዮቱ በኋላ ለድንጋይ ነጋዴዎች ተሸጦ እየፈረሰ ተወሰደ። ዛሬ የቀረው ጥቂት ነው፤ ማታ በዙሪያው ስንዞር እኅቴ «ይህም ተሸጦ ነው» አለችኝ። ፈገግ ብላ ነበር ለማለት እደፍራለኹ።

በአራተኛው ቀን ከክሉኒ ወጥተን ጥቂት እንደ ሄድን ባቡሩ ያልፍበት ወደ ነበረው ዋሻ ደረስን። ርዝመቱ 1600 ሜትር ያኽል ነው። የሌሊት ወፎች በክረምት ስለሚተኙበት በብርዱ ወራት ይዘጋል፤ በሰኔ ግን ክፍት ነው። ከፀሐይ ወጥተን ስንገባ ብርዱ እንደ ምድር ቤት ሆነ፤ ውስጡም ጨለምለም ያለ፥ ከላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ ነው። ሌላ ሰው አልነበረም። የእኅቴ የኋላ መብራት ከፊቴ እንደ ፍም ይታየኛል። ለመናገር ያሰብኹት ሌሊቱን ሁሉ አዘጋጅቼው የነበረ ረጅም ንግግር ነው፤ መግቢያም ማስረጃም ነበረው፤ የቢሮ ሰው ነበርኹና እንዲህ ያለውን ማዘጋጀት አይቸግረኝም። ነገር ግን ከዋሻው መካከል ስደርስ ከዚያ ሁሉ የወጣልኝ፥ «እትዬ፥ ስለዚያ ደብዳቤ ይቅር በዪኝ» የሚለው ብቻ ነው። ዋሻው ድምፄን ተቀብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ መለሰው፤ እርስዋ ግን አልመለሰችም። የሁለታችን ጎማ በእርጥቡ ላይ ሲያሽ ብቻ ይሰማኛል። ሳትሰማኝ ቀርታ ይሆን? ልድገመው ይሆን? እያልኹ ስጨነቅ፥ ከፊት ሆና ደወልዋን አንድ ጊዜ መታችና «መብራትህን አብራ እንጂ፥ ወንድም ዓለም፤ ትወድቃለህ» አለችኝ። ለካ የፊት መብራቴን ሳላበራ ነበር የገባኹት።

ከዋሻው ማዶ የበርዜ ግንብ ከኮረብታው ላይ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ማኮን መንገዱ ቁልቁለት ነው፤ የወይኑ ረድፍም እንደ ገና ግራና ቀኝ ይከተላል። ከመንገዱ ፈቀቅ ብሎ ባለቅኔው ላማርቲን በልጅነቱ ያደገበት የሚዪ መንደር አለ፤ እኛ ግን አልገባንበትም። ንግግር ይዘን ነበር። በማኮን ጣቢያ ባቡር ስንጠብቅ እኅቴ የብስክሌት ኪራዩን ደረሰኝ አውጥታ በጀርባው ጻፈችበት፤ አክስታችን በሕይወት እስካሉ ድረስ ቤቱ አይሸጥም፤ እርሳቸውም ከጓሮው ክፍል ወደ ትልቁ ቤት ይገባሉ፤ በመንገድ በኩል ያሉት ሁለቱ ክፍሎች ተከራይተው ገንዘቡ ለእርሳቸው መጦሪያና ለጣራው መጠገኛ ይሆናል፤ ክሱም ይነሣል። እኔም ፈረምኹ። ጠበቃዬ ቢያየው እንደ ውል እንደማይቈጥረው አውቃለኹ።

በሚመጣው ጥቅምት እኅቴ መጥታ በዚያ ግቢ ሰባት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች፤ ድንኳን ተተከለ፥ ዕድርተኛውም እንደ አዲስ ተሰበሰበ። እናታችን በሞቱ በስድስተኛው ዓመት ድንኳን መተከሉ ለአንዳንዱ ጎረቤት እንግዳ ነገር ሆኖበት ነበር። ከግቢው የምሥራቁ ወገን ለማን ይድረስ የሚለውን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንበትም፤ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በስልክ እንከራከርበታለን።